በፊርማ የጠፋው ኦቭን

ኤቢሴ ቂም መያዝ ታውቅበታለች። ሰው ሲበድላት አትጮኽም፣ አታለቅስም፣ ለጎረቤት አታማም፤ ትጽፋለች። ከነጭ ጋዋኗ ኪስ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተለየች ጥቁር ልባስ ያላት ትንሽ ደብተር አለቻት። ደብተሯ ውስጥ የሰፈረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ የዶክተር ወርቁ። ዶክተር ወርቁ ሰበታ መውጫ ላይ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የአፈር ላብራቶሪ ኃላፊ ነው፤ ላብራቶሪን ግቢው በአጭሩ ላብ ይለዋል። ውኃ ቀጠነ ብሎ የሚቆጣ፣ ሲቆጣ ደግሞ ድምፁን ከፍ በማድረግ ፈንታ ዝቅ የሚያደርግ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ የማይለየው ሰው ነው።

በደሉን እንናገረውና ፍርዱን ሰሚው ይስጥ። ኤቢሴ በአፈር ላቡ ዘጠኝ ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርታለች። የግቢው ልማድ እንዲህ ነበር፦ ላብ ሲዘጋ ማን እንደዘጋውና በስንት ሰዓት እንደዘጋው በሩ ላይ በተንጠለጠለው መዝገብ ይፈረማል። ዶክተሮች ግን አይፈርሙም። ፊርማ የቴክኒሻን ሥራ ነው። ዶክተሩ ቢያመሽም፣ ብቻውን ቢዘጋም፣ ቴክኒሻኗ ቀደም ብላ "አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁሉም ጠፍቷል" ብላ ፈርማለት ትሄዳለች። ይህን ነውር ያለው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም እንደ አክብሮት ይቆጠር ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ከተፍኪ ስልክ ተደወለ። የኤቢሴ እናት ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ዶክተር ወርቁ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "ሂጂ፤ ብቻ መዝገቡን ፈርመሽ ሂጂ፣ እኔ እዘጋዋለሁ" አላት። ፈረመችና ሮጣ ታክሲ ያዘች። እሷ ከሄደች በኋላ መብራት ሄደ። ዶክተሩም መብራት ከሌለ ምን እሠራለሁ ብሎ በሩን ቆልፎ ወጣ፤ የኦቭኑ ማጥፊያ ግን እንደበራ ነበር። ኦቭን የሚሉት የአፈርና የቅጠል ናሙና የሚደርቅበትን ትልቁን የብረት ምድጃ ነው። መብራት በሌለበት ሰዓት የበራ ኦቭን ከጠፋው አይለይም። ቅዳሜ ጠዋት መብራቱ በኃይል ሲመለስ ኦቭኑ ሰው በሌለበት ጋለ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው ተጣበቀ፣ በወረቀት ከረጢት የነበረው ገለባ ተያያዘ። እሑድ ጥበቃው ጭሱን እስኪያይ ድረስ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ሚዛንና የመስኮቱ እንጨት ነደዱ።

የዲስፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ዶክተር ወርቁ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጥቶ፣ "መዝገቡን እዩት፤ ፊርማዋ አለ" አለ።

"ዶክተር፣ ፈርመሽ ሂጂ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለችው ኤቢሴ።

ጥቂት ያሰበ መሰለና፣ "አላስታውስም" አላት።

ያቺ አንዲት ቃል ብዙ ነገር ወሰደችባት። የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይሏ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ያለበት ሠራተኛ የትምህርት ዕድል አይሰጠውም፤ ስለዚህ በመስከረም ልትጀምረው የነበረው ሁለተኛ ዲግሪ ቀረ። ከላብ አውጥተው ኬሚካል መጋዘን አስገቧት። እሷም ሰው ፊት ዕንባ ሳታወጣ መጋዘን ገባች፤ በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጥቁሯን ደብተር ገዛች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፈችው ያንኑ የእሱን ቃል ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ግቢው አዲስ ነገር አመጣ። ላብራቶሪዎቹ የሚበሉት ኤሌክትሪክ ከተማሪ መኝታ ቤቱ ሁሉ በልጦ ስለተገኘ፣ በአሥራ ሁለቱ ላቦች መካከል የኃይል ቁጠባ ውድድር ይካሄዳል ተባለ። ለእያንዳንዱ ላብ የየራሱ ቆጣሪ ተገጠመለት። ዓመቱ ሲያልቅ ከፍጆታው ብዙ የቀነሰው ላብ የፈለገው አዲስ መሣሪያ ይገዛለታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የግቢው አስተዳደር ኃላፊ ወይዘሮ ሸዋነሽ ሆኑ፤ ቆጣሪ የማንበቡ ሥራ ለጥገናው ኦቦ ቀጄላ ተሰጠ። ላብ ለላብ እየዞረ የሚቆጣጠር ሰው ግን ጠፋ። ማን ይፈልገዋል? ትርፉ ከዶክተር ጋር በማጥፊያና በሶኬት መነታረክ ነው። ወይዘሮ ሸዋነሽ አዳራሽ ውስጥ ፈቃደኛ ሲጠይቁ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ብቻ ተነሣ።

ኤቢሴ እጇን ያነሣችው ለአገር ኃይል ተቆርቁራ አልነበረም፤ እዚህ ላይ አንዋሽም። የአፈር ላብን በር ባሻት ሰዓት የሚያስከፍት ቁልፍ ስለሚሰጣት ነው።

ሥራውን ግን ቻለችበት። መጀመሪያ ከኦቦ ቀጄላ ጋር ተቀምጣ የቆጣሪውን ንባብ ቀን በቀን አየች። ኦቦ ቀጄላ የፉሪ ሰው ናቸው፤ እርሻቸውን ለልጆቻቸው ትተው ሠላሳ ዓመት ሽቦ ሲቀጥሉ የኖሩ፣ ጡረታቸው አንድ ዓመት የቀረው።

"ያ ኤቢሴ፣ ይቺን እያት እስቲ" አሏት እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ አቆላምጠው ጠርተዋት፣ ጣታቸውን ቅዳሜ ላይ አሳርፈው። "ተማሪ የለ፣ ዶክተር የለ፤ ቆጣሪው ግን ይሮጣል። ጂኒ ነው እንዴ የሚሠራው?"

"ጂኒ አይደለም ኦቦ ቀጄላ። ዓርብ መብራት ሲሄድ ማጥፊያ ሳይነኩ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። መብራቱ ቅዳሜ ይመጣል፤ እነሱ ሰኞ ይመጣሉ።"

"ኤዬ!" አሉ ኦቦ ቀጄላ ራሳቸውን ይዘው። "ስንት ዓመት ሙሉ ባዶ ቤት ስናሞቅ ኖረናል በይኛ!"

ይህን ነገር ከሷ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ደንብ ጻፈች፤ ኮሚቴውም ቃል ሳይቀንስ አጸደቀላት። መብራት ቢሄድም ማጥፊያው ይጠፋል። ኦቭን ለሁለት ከረጢት አይበራም፣ እስኪሞላ ይጠበቃል። መርዛማ ጭስ የሚስበው ሁድ ሥራ ሲያልቅ መስኮቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ማራገቢያውም ይቆማል። የመጨረሻዋ ግን ከሁሉም ትበልጥ ነበር፦ መዝገቡን የሚፈርመው በገዛ እጁ ያጠፋው ሰው ነው፤ ሳያጠፋ የፈረመ ማንም ይሁን ማን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

ለአሥራ አንዱ ላብ ደግና ትዕግሥተኛ ሆነች። የማይክሮባዮሎጂ ሰዎች መብራት መምጣቱን የሚያውቁት አምፖላቸውን አብርተው በመተው እንደሆነ ሲነግሯት አልተቆጣችም፤ ኦቦ ቀጄላን ለምና መብራት ሲመጣ የምትበራ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ኮሪደሩ ላይ አሰቀለችላቸው። የኬሚስትሪዎቹን ሁድ መስኮት ከፍቶ መተው ስንት ምጣድ ቀኑን ሙሉ እንደ መጣድ እንደሆነ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻቸው። ሳያጠፉ ሲፈርሙ ያገኘቻቸውን ቴክኒሻኖች ወደ ጥግ ወስዳ፣ "ተዉ፣ እኔን አይታችሁ ተማሩ" ትላቸው ነበር። አጥፍቶ የተገኘ ላብ በሩ ላይ አረንጓዴ ካርድ ይለጠፍለታል፤ ያላጠፋ ቀይ። በጥር የግቢው ላቦች ፍጆታ በሲሶ ቀነሰ። ወይዘሮ ሸዋነሽ በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርተው አመሰገኗት።

አፈር ላብ ግን ከሷ አንድም ምክር አልደረሰውም።

የአፈር ላብ አዲሷ ቴክኒሻን ትጊ ትባላለች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከቡራዩ በየቀኑ ሁለት ታክሲ እየቀያየረች ነው የምትመጣው። ኮንትራት ናት፤ ሐምሌ ላይ ቋሚ ትሆናለች ተብሏል፣ ቋሚ ስትሆን የምታደርገውንም ሁሉ ለኤቢሴ ነግራታለች። ምሳቸውን መጋዘን ውስጥ አብረው ነው የሚበሉት። ኤቢዬ እያለች ነው የምትጠራት። ሥራዋን የምትወድ ልጅ ስለሆነች ኦቭኑን በወጉ ታጠፋለች፣ ናሙናውን አጠራቅማ ታደርቃለች፤ የአፈር ላብ ቆጣሪም በዚሁ ምክንያት ወረደ። ዶክተር ወርቁ ላቡ በውድድሩ ሁለተኛ ሲሆን የልብ ልብ ተሰማው። የሚሸለመውን መሣሪያ ዓይነት እንኳ መርጦ ጨርሶ ነበር።

ታዲያ ትጊ ቀድማ መውጣት ሲኖርባት፣ ወይም ዶክተሩ ማምሸት ሲፈልግ፣ ያው የድሮው ልማድ ይመለሳል። "ፈርመሽ ሂጂ" ይላታል፤ ትፈርማለች። ኤቢሴ ይህን ያየችው ኅዳር ላይ ነው። ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ወደ መጋዘኗ ተመልሳ ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች። ግንቦት ሲገባ የተጻፈው አርባ አንድ ደርሶ ነበር።

በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት ኦቦ ቀጄላ ወሬ ይዘው መጡ፤ የመስመር ጥገና ስላለ ዓርብ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መብራት ይቋረጣል፣ አሥራ አንድ ሳይሞላ ይመለሳል። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ሸዋነሽ ቴክኒሻኖች ይዘው ሱሉልታ ያለ አንድ ላብራቶሪ ሊያስጎበኙ አስበው፣ "አራት ሰው ምረጪልኝ፣ ዓርብ በሰባት ሰዓት እንነሣለን" አሏት። ኤቢሴ ስም ዝርዝሩን ስትጽፍ አንደኛ ላይ ያደረገችው ትጊን ነው።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ኤቢሴ ትጊን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ከመዝገቡ ፊት ቆማ አገኘቻት። "አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁሉም ጠፍቷል" እያለች ነበር የምትጽፈው። ከኋላዋ ኦቭኑ እያጉረመረመ ነው።

"ኤቢዬ! አንቺ አትሄጂም እንዴ ሱሉልታ?"

"እዚህ ሥራ አለኝ።"

"እንዳይደብርሽ እሺ? ከሰዓት አልኖርም ስለው ፈርመሽ ሂጂ፣ እኔ አጠፋዋለሁ አለኝ። የት ነው የምትሄጂው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፣ ባክሽ።" ሳቀች።

አልጠየቃትም! ከወይዘሮ ሸዋነሽ ጋር እንደምትሄድ አያውቅም ማለት ነው። አንድ ቃል ብትናገር፣ "ሰርዢው" ብትላት፣ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ልጅቷ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው።

"መኪናው እንዳያመልጥሽ" አለቻት።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሳይሞላ ዶክተር ወርቁ በሩን ቆልፎ በኮሪደሩ ሲያልፍ ጫማው ተሰማ። ኤቢሴ የጫማው ድምፅ እስኪርቅ ጠብቃ በቁልፏ ገባች። የኦቭኑ ማጥፊያ እንደበራ ነው። ውስጡ አንድ ተማሪ ከተፍኪ ማሳዎች የሰበሰበው የባቄላ ቅጠል በወረቀት ከረጢት ተደርድሯል። በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ኦቦ ቀጄላን ጠራቻቸው።

"ማሎ! ታዲያ ለምን አታጠፊውም?" አሉ ሽማግሌው ገና ከበሩ።

"ይቆይ።"

"የሰው ልጅ ድካም ነው እኮ ያለበት፣ ኤቢሴ።"

"አንድ ቅጠል አይቃጠልም። እጄ ከሶኬቱ አይነሣም። መብራቱ እስኪመጣ ብቻ አብረውኝ ይቀመጡ።"

ኦቦ ቀጄላ አተኩረው አይዋት። ከሦስት ዓመት በፊት የተቃጠለውን ጠረጴዛ ያወጡት እሳቸው ነበሩ። "ይሄ የመብራት ነገር አይደለም" አሏት።

"አይደለም" አለች።

"ዲሲ ልጄ፣ ተዪው። ቂም ያዥውን ነው የሚበላው።"

"እስካሁን የበላው እኔን ነው፤ አሁን ደግሞ ተራው የሱ ይሁን።"

ኦቦ ቀጄላ በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ሸዋነሽ ጋ ደወለች፤ ከመኪና ሲወርዱ በቀጥታ አፈር ላብ እንዲመጡ፣ ትጊንም ይዘው እንዲመጡ ነገረቻቸው። ሁለቱ ገብተው ምን ተፈጠረ ብለው ሳይጨርሱ የኮሪደሩ ቀይ መብራት በራ። ኦቭኑ አጉረመረመ። የሙቀቱ መርፌ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

"ወይኔ!" ትጊ ራሷን ያዘች። "አጠፋዋለሁ ብሎኝ ነበር እኮ!"

ኤቢሴ ስልኳን አወጣች፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍታ ደወለች።

"ዶክተር፣ ኤቢሴ ነኝ፣ ከቁጥጥር። የአፈር ላብ ኦቭን በርቶ ተገኝቷል። ማን ነበር የዘጋው?"

"ትጊ ናታ!" የመኪና ጥሩምባ ከኋላው ይሰማል። "መዝገቡን እዪው፤ ፊርማዋ አለ።"

ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ! "እርስዎ ስንት ሰዓት ወጡ?" አለችው።

"እኔ መብራት እንደሄደ ነው የወጣሁት። ስወጣ እሷ ኦቭኑ አጠገብ ቆማ ነበር።"

"በዓይንዎ አይተዋታል?"

"በዓይኔ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

ወይዘሮ ሸዋነሽ ስልኩን ከእጇ ወሰዱት። "ዶክተር፣ ሸዋነሽ ነኝ። ትጊ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከኔ ጋር ሱሉልታ ነበረች። አሁንም አጠገቤ ቆማለች።"

ከዚያ ዶክተር ወርቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንግዲህ... በደንብ አላስታውስም" አለ።

ኤቢሴ ሶኬቱን ነቀለችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ እየተሰማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች፤ ትጊ አቅፋ አባበለቻት። አዎ፣ ትጊ ናት ያባበለቻት።

ኮሚቴው የተቀመጠው በአሥረኛው ቀን ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በተቀመጠበት በዚያው ክፍል። የኤቢሴ የድሮ ማስጠንቀቂያም አብሮ እንዲታይ ተወስኖ ነበር። ዶክተር ወርቁ በስልክ የተናገረውን መካድ አልቻለም። ግን ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ አሥሩን ቀን ሲያስብ ሰንብቷል።

"ኦቭኑን ረስቼዋለሁ፣ ይህን አምናለሁ" አለ። "ነገር ግን ይህ ወጥመድ ነው። ተቆጣጣሪዋ የቆየ ቂም አላት። ልጅቷ ሳታጠፋ እንደምትፈርም ታውቃለች፣ ኦቭኑም እንደበራ ታውቃለች። ሌላውን ላብ ስትመክር እኛን ዝም ያለችው ለዚህ ነው።"

ወይዘሮ ሸዋነሽ ወደ ትጊ ዞሩ። "ሳታጠፊ ፈርመሻል። ደንቡ ማስጠንቀቂያ ይላል። የምትዪው አለሽ?"

ትጊ ተነሣች። አልፈራችም፤ ምክንያቱም የሚመሰክርላት ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። "ስፈርም ኤቢሴ አይታኛለች። ዶክተር ፈርመሽ ሂጂ እንዳለኝም ነግሬያታለሁ። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር። እሷን ጠይቋት።"

ሁሉም ወደ ኤቢሴ ዞረ።

"ኤቢሴ፣ ከመመለስሽ በፊት አስቢበት" አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ። "አይተሽ ዝም ብለሽ ከሆነ፣ ደንቡን ያወጣሽው አንቺ አውቀሽ ያሳለፍሽው ነገር ስለሆነ በማንም ልንፈርድ አንችልም። ለልጅቷም ማስጠንቀቂያ አይጻፍም፣ የዶክተሩም ጉዳይ ይዘጋል። ያንቺም የድሮ ፋይል እንዳለ ይቀመጣል። ስትፈርም አይተሻታል?"

ኤቢሴ እጇን ኪሷ ከተተችና ደብተሯን ጨበጠች። አርባ አንዱም ቀን እዚያ አለ፤ አርባ ሁለተኛውም፣ ከነሰዓቱ። ትጊን አየቻት፤ ልጅቷ ትንሽ ፈገግ እንደማለት ብላ በዓይኗ "ንገሪያቸው" አለቻት። ዶክተር ወርቁን አየችው፤ ሸሚዙ ዛሬም የተተኮሰ ነው፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል፣ ሊያመልጥ ነው። የእናቷ እግር፣ የቀረው ዲግሪ፣ የመጋዘኑ የአሲድ ሽታ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ወጣ። ሊያመልጥ ነው!

"አላስታውስም" አለች።

ትጊ ተቀመጠች። ዶክተር ወርቁ ግን ቀስ ብሎ ቀና አለና ኤቢሴን አያት፤ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ነበርና ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ታየ። እንደ ራሱ ያለ ሰው ያገኘ ይመስል ነበር ያያት። ኤቢሴ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ሌሊት ያንን ፈገግታ አስባዋለች።

ፍርዱ ወጣ። ዶክተር ወርቁ ከአፈር ላብ ኃላፊነቱ ተነሣ፤ ላቡም ከውድድሩ ተሰረዘ። የኤቢሴ የድሮ ማስጠንቀቂያ ከፋይሏ ወጥቶ ተቀደደ፤ ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ "ለመስከረም ለትምህርቱ አመልክቺ" አሏት። ትጊ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ቋሚ መሆኗ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። በደብዳቤው ግርጌ የቁጥጥሩ ተጠሪ መፈረም ነበረባትና ኤቢሴ ፈረመች። ኦቦ ቀጄላ ሰላምታ አልነፈጓትም፤ ግን ከዚያ ወዲያ "ያ ኤቢሴ" ብለው ጠርተዋት አያውቁም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ፣ ኤቢሴ የዓርቡን ቁጥጥር ልታደርግ አፈር ላብ ደረሰች። መብራት ሄዷል። ትጊ ጋዋኗን ለብሳ በሩ ላይ እየጠበቀቻት ነበር።

"ይግቡ" አለቻት። ኤቢዬ የለም። እንደማያውቋት ሰው፣ እንደ ዶክተር። "ኦቭኑ ይኸው፣ ማጥፊያው ጠፍቷል፣ ሶኬቱም ተነቅሏል። ሁዱ ይኸው። ኮምፒዩተሩ ይኸው። በእጅዎ ነክተው ይዩት።"

"አይቼዋለሁ፣ ትጊ።"

"ይንኩት።"

ኤቢሴ አንድ ባንድ ነካችው። እንደዚህ ተጠንቅቆ የተዘጋ ላብ በግቢው ውስጥ የለም፤ ውድድር ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚያሸንፈው ይኸው ነበር። አረንጓዴ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ልትለጥፈው ብላ እጇ ላይ ቀረ።

"ትጊዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ..."

"መጀመሪያ ይፈርሙ" አለቻት ትጊ መዝገቡን እያቀረበች። "እኔ ስፈርም ማየትዎንም ይጻፉበት። ሰዓቱንም።"

ኤቢሴ ጻፈች። ቀና ስትል ትጊ ከጋዋኗ ኪስ አንዲት አዲስ ትንሽ ደብተር አውጥታ ነበር፤ ልባሷ ገና አልተጣጠፈም። የእጅ ሰዓቷን አየች፣ አንድ መስመር ጻፈች፣ ደብተሯን መልሳ ኪሷ ከተተች።

"ጨርሰዋል?" አለቻትና በሩን ይዛ ቆመች።